የቀረ ሰው አለ?

«ሽማግሌው ዛሬ ከወረደ በኋላ ተመልሶ አይወጣም።»

የኔአለም ይህን የሰማችው የከተራ ዕለት ጠዋት ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ውኃ የሞላ ጄሪካኗን አሳርፋ ጉልበቷን እያሸች ሳለች። ድምፁ የመጣው ከሊፍቱ ነው። ሊፍት ሲባል ግን ሰው የሚያወጣና የሚያወርድ ነገር እንዳይመስላችሁ። አባቷ አቶ ወልደ ሰንበት ሕንጻውን ሲያሠሩ ለሊፍት ተብሎ ከምድር እስከ ጣሪያ የሚዘልቅ ጉድጓድ ተተወለት፤ ሊፍቱ «ለከርሞ፣ ለከርሞ» እየተባለ ሳይመጣ ቀረና ጉድጓዱ በየፎቁ ጣውላ ተመትቶበት ተቀመጠ። ጣውላው ሰው እንዳይወድቅ ይከለክላል እንጂ ወሬ አይከለክልም። ምድር ላይ ያስነጠሰውን ሰው አራተኛ ፎቅ ተቀምጦ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። ተከራዮቹ ይህን ስለሚያውቁ የሰው ጉዳይ ማንሳት ሲፈልጉ ወጥተው አስፋልት ዳር ይቆማሉ። ትናንት ከባሕር ዳር የገባው ወንድሟ መሳፍንት ግን እዚሁ ሕንጻ ውስጥ ሲሯሯጥ አድጎ ይህንንም ረስቶታል።

ከሱ ጋር የሚያወራው ጌቱ ነበር፤ ቤትም መኪናም በሬም የሚያሻሽጥ ደላላ። «መኪናዬ ከጓሮ ቆሟል» ይላል መሳፍንት። «ታቦቱ እንዳለፈ ከነወንበሩ አንስተን ማስገባት ነው። ባሕር ዳር ጓሮዬ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ቀለም አስቀብቼ አልጋ አስገብቼባታለሁ።» ጌቱ ስለ ዕቃው ጠየቀ። ሕንጻው ባዶ ሲሆን ይወርዳል፣ ቁልፉም ያኔውኑ ይቀየራል ተባለ፤ ከምድር ሱቆቹ በቀር ሕንጻውን የሚከራየው ባንክ ከላይ ሰው የሚኖርበትን ቤት አልቀበልም፣ በዓሉ እንዳለፈ ባዶውን አስረክቡኝ ብሏል። «እኅትህስ? ቀድማ ብትነግራቸውስ?» አለ ጌቱ። መሳፍንት ሳቀ። ሳቁ በጉድጓዱ ውስጥ ተንከባሎ ላይ ድረስ ወጣ። «የኔአለም? ውኃ መሸከሙ ከመረራት ቆየ እኮ። ምድር ላይ አንዷን ሱቅ እሰጣታለሁ። አትናገርም።»

የኔአለም ፊቷ ጋለ። አባቱን «ሽማግሌው» ብሎ መጥራቱ፣ አባትን ሰርቪስ ቤት ማስገባቱ፣ ይህ ሁሉ አንድ ነገር ነው፤ እሷን ሳይጠይቅ ስለ እሷ «አትናገርም» ብሎ መማሉ ግን አንጀቷን አቃጠለው። ቆይ አሳይሃለሁ አለች በሆዷ። ጄሪካኑን ብድግ አድርጋ፣ ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ፣ ለመናገር ቆርጣ ወጣች።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዛሬ መስታወት የለበሱ፣ ሊፍታቸው በእውነት የሚሠራ ሕንጻዎች ሞልተዋል። በሰማኒያዎቹ መጨረሻ ግን ከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ስለነበረ «ፎቁ» ማለት ይበቃ ነበር። ዛሬም የባጃጅ ሾፌሮች «ፎቁ ጋ» ሲባሉ የትኛው ብለው አይጠይቁም። ቀለሙ ለቋል፤ በረንዳው ላይ የተከራዮች ታፔላ ዘመም ብሎ ተሰቅሏል፤ ከጣሪያው በላይ ሁለት ፎቅ ሊቀጠልባቸው የነበሩ የዛጉ ብረቶች ሰማዩን ይቧጥጣሉ። ውኃ ከምድር አልፎ አይወጣም። አቶ ወልደ ሰንበት ሚስታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ካረፉ ወዲህ መኖሪያ ቤቱን አከራይተው ወደ አራተኛ ፎቅ ወጥተዋል፤ ሁለት ክፍል ይዘዋል፣ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የልጃቸው። የሳቸው አልጋ የሊፍቱን ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆመው። መስኮቱ ወደ ጮቄ ያያል። ከሮብ ገበያ በአህያ ጨውና ቆዳ እየነዱ የመጡበት መንገድ በዚያ በኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እዚያ ሲያፈጡ ይውላሉ። እግራቸው ከሰነፈ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ ከክፍላቸው የሚወርዱት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለከተራ፣ በወንበር ተሸክመዋቸው ነው፤ ጥምቀቱን ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ እኅታቸው ቤት አክብረው፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ ተሸክመው ይመልሷቸዋል።

ስትገባ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ነበር። እንደ ሁልጊዜው ጣሳውን አምጥታ እጃቸውን አስታጠበቻቸው፤ ፊታቸውን ታጥበው ሲጨርሱ እንደ ሁልጊዜው «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ከዚያ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ ቀና ብለው አይዋት።

«ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ?»

«ደኅና ነው አባባ።»

«ዛሬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብዙ ቆየሽ።»

«ጄሪካኑ ከብዶኝ ነው።»

ይኸው፣ አሁን መናገር ነው። አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር አሰበች። ብትነግራቸው አልወርድም ይላሉ። አልወርድም ካሉ ደግሞ ታቦቱ ሲያልፍ ከላይ ሊቀሩ ነው፤ ይህ ደግሞ በዚህ ሕንጻ ላይ ሊደርስ ከሚችለው ሁሉ የከፋ ነው። «ጋቢዎን ፀሐይ ላይ ላውጣው» አለችና ወጣች። በረንዳው ላይ ቆማ ጋቢውን ስታራግፍ ያቀረበችው ምክንያት እውነት እንደሆነ ለራሷ ደጋግማ ነገረች። እውነትም ነው። ግን ከሱ ኋላ ሌላ እውነት ተደብቆ ነበር፤ ቧንቧ አጠገቡ ያለ፣ በሩ በአስፋልቱ በኩል የሚከፈት፣ ደረጃ የሚባል ነገር የሌለው ሱቅ። ያንን ሱቅ ዓይኗ ላይ ስታየው ጉልበቷ ራሱ ተንፈስ ያለ መሰላት። በራሷ አፈረች።

የከተራውን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። ፎቁ ተሠርቶ ያለቀ ዓመት የከተማው ሰው ጉድ ብሎ ነበር። ለከተራ ዕለት ተከራዩም፣ የተከራዩ ዘመድም፣ የዘመድ ዘመድም በረንዳው ላይ ተጠቀጠቀ፤ ታቦት ከላይ ሲያዩት እንዴት ያምራል ተባለ። የማርያም ታቦት ከሕንጻው ፊት ሲደርስ ቆመ። ዘማሪው ዘመረ፣ ካህናቱ ለመኑ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ንቅንቅ የለም። ኋላ አንድ ሽማግሌ ቄስ ቀና ብለው በረንዳዎቹን ቃኙና «ከእናቱ ታቦት በላይ ቆማችሁ ማንን ቁልቁል ታያላችሁ?» አሉ። ያኔ ሕዝቡ እየተጋፋ፣ ጫማው ከእግሩ እየወለቀ ወረደ። አቶ ወልደ ሰንበት አዲስ ሱፋቸውን እንደለበሱ አስፋልቱ ላይ በግንባራቸው ተደፉ። መጨረሻው ሰው ሲወርድ ታቦቱ ተንቀሳቀሰ። በማግሥቱ ግንበኞቹን አሰናበቱ፤ የቀሩት ሁለት ፎቆች በዚያው ቀሩ። ስለትም ገቡ። በየዓመቱ ከታቦቱ መውጫ በፊት ሕንጻው ከላይ እስከ ታች ባዶ ይሆናል፤ እያንዳንዱን በር ራሳቸው አንኳኩተው፣ ራሳቸው ቆልፈው፣ ከሁሉም ኋላ ራሳቸው ይወርዳሉ። ምድር ሲደርሱ ደግሞ አንገታቸውን ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ አስገብተው «የቀረ ሰው አለ?» ብለው ይጣራሉ። ማንም ካልመለሰ ያኔ የብረቱ በር ይዘጋል። ይህ አንድም ዓመት ተቋርጦ አያውቅም። የኔአለምን ዛሬ ያቃጠላት ይህም ነው፤ መሳፍንት አባቱን ከቤታቸው ለማስወጣት የመረጠው መንገድ የገዛ ስለታቸውን ነው።

ረፋዱ ላይ አንደኛ ፎቅ ወዳለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቷ ወረደች። በዓል ስለሆነ ሥራ አልነበረም። አንዲት ከደብረ ወርቅ የመጣች ሴት የልጇን የልደት ካርድ ኮፒ አስደርጋ፣ ዶሮ ሺህ ሁለት መቶ ብር መግባቱን፣ ሽንኩርት አይቀመሴ መሆኑን፣ ይህን ሁሉ ደግሞ በጾም ቀን ማውራቱ ራሱ ኃጢአት መሆኑን አውርታላት ሄደች። ሴትዮዋ ስትወጣ መሳፍንት ገባ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ነው የገባው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ማሽኑን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን አየ፤ ሁሉንም አየ፣ እሷን ግን አላየም። እሷም የሚደረደር ወረቀት ሳይኖራት ወረቀት ደረደረች። የእናታቸው ፎቶ ከበላያቸው ተሰቅሏል። ሕፃናት ሳሉ በዚህ ክፍል ውስጥ፣ አባታቸው ቢሮ ባደረጉት ጊዜ፣ እናታቸው ምሳ ይዘው ሲመጡ አንድ ሳህን ላይ እየተሻሙ ይበሉ ነበር። አሁን አንድ ቃል የሚሻማ አልነበረም።

«ከበዓሉ በኋላ የምነግርሽ ነገር አለ» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ደስ የሚልሽ ነገር ነው።»

ሰምቻለሁ ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ናት። የኔአለም ግን «እግዜር ያሰማን» አለች፤ ከአፏ እንደወጣ ምላሷን መንቀል አማራት። መሳፍንት ከወንበሩ ተነሥቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና ወጣ። «አትናገርም» ያለው ሰው ልክ መሆኑን እዚያው ፊቱ ላይ ያረጋገጠችለት መሰላት። ንዴቷ ተነሣና እንደገና ወደ ላይ ወጣች። በዚህ ቀን ያንን ደረጃ ስንት ጊዜ እንደወጣችው እንጃ። አንዴ የታጠበ ነጠላ ይዛ፣ አንዴ ጫማቸውን ልትወለውል፣ አንዴ እንዲሁ ምንም ሳትይዝ። በገባች ቁጥር አባቷ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ እሷ ደግሞ የማያስፈልግ ነገር አንሥታ ትወርዳለች። የሕንጻው ጥበቃ ዘመነ ደረጃው ሥር ተቀምጦ ይህን ሁሉ መውጣትና መውረድ ሲያይ ቆይቶ «ምነው እቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አላት። «የለም» አለችው።

ከቀትር በኋላ፣ ምድር ላይ ጸጉር የሚቆርጠው አወቀ ወጥቶ አቶ ወልደ ሰንበትን ላጫቸው። ነጭ በነጭ ለበሱ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ከአልጋው ራስጌ ዳዊታቸውን፣ መነጽራቸውንና ትንሿን ራዲዮ በአንድ ነጠላ እንድትቋጥር አዘዟት።

«አምና ዳዊቱን ብቻ ነበር የያዙት።»

«ዘንድሮ ራዲዮውም ይውረድ።»

«የእናቴንስ ፎቶ?» አለች፤ ለምን እንዳለች አታውቅም።

«እሱ አንቺ ጋ ነው ያለ፤ እዚያው ይሁን» አሏት። ቋጠሮውን አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረችው። ሰምተው ይሆን? ሰምተው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ረጋ ብለው ይቀመጣሉ? ልትጠይቃቸው ስትል መሳፍንት፣ ዘመነና አወቀ ወንበሩን ይዘው ገቡ። ከበሮው ከሩቅ መሰማት ጀምሯል።

አቶ ወልደ ሰንበት ወንበሩ ላይ ሲደላደሉ ቁልፎቹን ጠየቁ። «እርስዎ ደግሞ» አለ መሳፍንት እየሳቀ፣ «ዘንድሮ እኔ ልቆልፍ። ወገቤን ስለሚያመኝ ወንበሩን አልችልም፤ በሮቹን ቆልፌ እከተላችኋለሁ።» አባትዬው ልጃቸውን አዩት። ረዥም አዩት። ከዚያ የቁልፉን ዘለላ ከኪሳቸው አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። የኔአለም እስከዛሬ ያንን ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ አይታው አታውቅም።

መውረዱ እንደ ወትሮው አልነበረም። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ «አሳርፉኝ» አሉ። ጨለም ወዳለው ኮሪደር እያዩ ስለ ከተማው የመጀመሪያ ጠበቃ አወሩ፤ በዚያ ጥግ ቢሮ ነበረው፣ ባለጉዳዩ ከመርጡለ ማርያም ድረስ በእግሩ ይመጣ ነበር። ደረጃ ወጥቶ የማያውቅ ገበሬ ሲወርድ እንደ መሰላል መስሎት ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ በእጁ እየቆነጠጠ ነበር የሚወርደው። «እኔም ማታ ማታ ሰው ሳያየኝ እንደሱ ወርጄ አውቃለሁ» አሉና ሳቁ፤ ዘመነና አወቀም ሳቁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አስቆሙ። እዚህ አንድ የርዳታ ድርጅት ነበር፤ ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር ከተማው መጀመሪያ ያየው እዚህ ነው፣ ተማሪው ተሰልፎ ነበር የሚያየው። አንደኛ ፎቅ ላይ የልጃቸውን ቢሮ በር ብቻ በመዳፋቸው ነክተው «በሉ እንሂድ» አሉ። የኔአለም ቋጠሮውን እንዳቀፈች ከኋላ ትከተላለች። ሰው ቤቱን እንዲህ የሚሰናበተው እንደማይመለስ ሲያውቅ ነው። ሰምተዋል፤ ጉዳዩ አለቀለት። እሷ ሳትነግራቸው አውቀዋል፣ አውቀውም እየወረዱ ነው። አሁን ብትናገር ምን ይፈይዳል? ደግሞ፣ አሁንም ባትናገር ምን ልትባል ነው?

ምድር ሲደርሱ ወንበሩ ሊፍቱ ፊት ለፊት ቆመ። ዘመነ ጣውላውን ወደ ጎን አንሸራተተላቸው። አቶ ወልደ ሰንበት አንገታቸውን ወደ ጉድጓዱ አስገብተው፣ ዕድሜያቸውን በማይመስል ድምፅ ተጣሩ።

«የቀረ ሰው አለ?»

ጥሪው ወጣ፣ ጣሪያውን ነካ፣ ተመለሰ። ማንም አልመለሰም። አቶ ወልደ ሰንበት ግን ጆሯቸውን አላነሡም፤ ከወትሮው አብዝተው አዳመጡ። ከላይ የሆነ ነገር ወለል ላይ ሲጎተት የተሰማ ይመስላል፤ ከበሮው እየቀረበ ስለነበር የኔአለም በእርግጠኝነት ይህ ነው ማለት አልቻለችም።

«መሳፍንትስ?» አሏት ቀና ብለው።

«ይመጣል» አለች።

«መምጣቱንስ ይመጣል» አሉ፤ ወንበራቸውንም ወደ መንገዱ አወጡላቸው።

አስፋልቱ ነጭ ሆኗል። ወጣቶች ምንጣፍ ከኋላ እየጠቀለሉ ከፊት እየዘረጉ ይሮጣሉ፤ ጥላዎቹ በሰዉ ራስ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ፊት ፊት የሚመሩት መሪጌታ አካለ ወልድ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ ድምፃቸው እስኪሰለል ይዘምራሉ። ሰፈርተኛው ለአቶ ወልደ ሰንበት ቦታ ለቀቀላቸው። ታቦቱ ከሕንጻው ፊት ሲደርስ ራሳቸውን አጎነበሱ። የኔአለምም አጎነበሰች። ከዚያ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች ቆሙ። ከበሮው አንድ ሁለቴ ተመታና ዝም አለ። እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። የኔአለም ቀና ስትል ታቦቱን የተሸከሙት ቄስ አንድ እግራቸውን እንኳ ወደፊት አላነሡም፤ መሪጌታ አካለ ወልድ ደግሞ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ላይ እያዩ ነው። ሕዝቡም ዓይናቸውን ተከትሎ ወደ ላይ አየ።

አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ መሳፍንት ነበር። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የአባቱን ፍራሽ ከበሩ ለማውጣት ይጎትታል። ፍራሹ በሩ ላይ ተሰንቅሮ እምቢ ብሎታል። ታቦቱ ሳይደርስ እንጨርሳለን ብለው ነበር፤ ታቦት ለፍራሽ አይጠብቅም። ከበሮው ቀጥ ማለቱን ጆሮው ያወቀው ዘግይቶ ነው። ዝምታው ሲበዛበት ዞረ። ቁልቁል ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ቀና ያለ ፊት አየ፤ ፍራሹን እንዳቀፈ ደርቆ ቀረ። ዕቃውን ሊያግዘው ከላይ የቀረው ጌቱ ከዕይታ ለመሸሽ በረንዳው ላይ ተጋደመ፤ የጫማው ጫፍ ግን በብረቱ መሐል ይታያል። «ተኝተህም ከላይ ነህ!» አለ አንድ ጎልማሳ፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ አፍ «ውረድ! ውረድ!» ብሎ ጮኸ።

«የማን ፍራሽ ነው?» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት። ዓይናቸው ፍራሽ መሆኑን እንጂ የማን እንደሆነ አይለይም።

«የእርስዎ ነው አባባ» አለች የኔአለም። ቀኑን ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ የነበረው ነገር በዚህች አጭር ቃል ሾልኮ የወጣ መሰላት፤ የወጣው ግን ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከተማው በሙሉ ካየው በኋላ ነበር።

ታቦቱ ቆሞ እየጠበቀ ሰው ደረጃ ሲወርድ ምን ያህል እንደሚረዝም መሳፍንት ብቻ ነው የሚያውቀው። በብረቱ በር ሲወጣ ነጭ ሸሚዙ በአቧራ ተለውሶ ነበር፤ ጌቱ ከኋላው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። ማንም አልመታቸውም፣ ማንም አልሰደባቸውም፤ ሕዝቡ መንገድ ብቻ ለቀቀላቸው፣ ያ ባሰ። ሁለቱም አስፋልቱ ላይ ተደፉ። መሪጌታ አካለ ወልድ መቋሚያቸውን አነሡ፣ ከበሮው ተመታ፣ ታቦቱም ተንቀሳቀሰ። ሕዝቡ እየዘመረ አለፈ። ከሕንጻው ፊት የወንበሩ ሰዎች ብቻ ቀሩ። ጌቱ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። መኪናው ከጓሮ ቆሟል፤ ስለ መኪናው ግን ያነሣ የለም።

«ዳዊቴንና ራዲዮዬን ለምን ያስቋጠርኩ መሰላችሁ?» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት። ድምፃቸው አልተቆጣም። «ዘንድሮ ከወረድኩ አልወጣም ብዬ ነበር፤ በራሴ። የዚችን ልጅ ጉልበት ሳየው ከረምኩ። ታቦቱ ሲያልፍ ልነግራችሁ ነበር። ብትጠይቁኝ ኖሮ እሺ ነበር መልሴ። ሰርቪስም ቢሆን እሺ ነበር።»

ሰርቪስ የሚለውን ቃል ማንም አልነገራቸውም። መሳፍንት ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ አየ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ።

«አሁን ግን አውጡኝ» አሉ። «የፊቱን እግር አንተ ያዝ።»

መሳፍንት ወገቡ እንደሚያመው አላነሣም። ወንበሩን ሲያነሡ ዘመነና አወቀ ከኋላ ሆኑ። በየፎቁ ለማረፍ ይቆማሉ፤ የመሳፍንት ትንፋሽ በባዶው ሕንጻ ውስጥ ይሰማል፤ ስለ ጠበቃው፣ ስለ ገበሬዎቹ፣ ስለ ኮምፒውተሩ የሚያወራ የለም። ላይ ሲደርሱ ፍራሹን መልሰው አነጠፉት። በሩ ላይ ከፌስታሉ ያልወጣ አዲስ ቁልፍ ነበር፤ ዘመነ አነሣና መሳፍንት እጅ ላይ አስቀመጠለት። መሳፍንትም የድሮውን ዘለላ አልጋው ላይ አኑሮ፣ ደኅና እደሩ ሳይል፣ ወረደ። መኪናው ከጓሮ ሲነሣ ድምፁ በጉድጓዱ ውስጥ እስከ ላይ መጣ።

የኔአለም ምድር ድረስ ወርዳ ጄሪካኗን ሞልታ መጣች። ጠዋት ያመጣችው አልቆ ነበር። ስትገባ አባቷ ጋቢያቸውን አላስተካከሉም። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ጾሙ ሊፈታ ነው፣ ከጥምቀተ ባሕሩ በኩል ዝማሬው ይሰማል።

«ጠዋት ሰምቼ ነበር» አለች፣ ጄሪካኑን እንደያዘች፣ በሩ ላይ ቆማ። «ልነግርዎ ወጥቼ ነበር። ስንት ጊዜ ወጣሁ መሰለዎት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «በመጣሽ ቁጥር አሁን ትነግረኛለች እያልኩ ተነሥቼ ቁጭ እል ነበር።»

ቢቆጡ ይሻላት ነበር። እንባዋ መጣ፣ በነጠላዋ ጠረገችው። ጣሳውን አምጥታ አስታጠበቻቸው፤ ውኃው በጣታቸው መሐል ወረደ። ታጥበው ሲጨርሱ እጃቸውን በፎጣው አደረቁ፣ ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት፤ ከዚያ ፊታቸውን ጮቄ ወደሚታይበት መስኮት አዞሩ፤ መሽቷልና የሚታይ ነገር አልነበረም። የኔአለም ጣሳውን እንደያዘች እጅሽ ይባረክ እስኪሏት ድረስ ቆመች።